ከአሰብ የመጣው መህር

ሰሊማ ኢድሪስ መህሯን፣ ሙሽራው ለሷ የሚሰጣትን ጥሎሽ፣ ስትጠራ ቃዲው ጆሯቸውን ወደ መጋረጃው አስጠጉ።

«ምን አልሽ ልጄ? እስቲ ድገሚልኝ።»

«የባሕር አበባ፣ ሸኽዬ። ከነነፍሷ። ከአሰብ ባሕር ወጥታ ሰቆጣ እስክትደርስ ያልሞተች።»

ከመጋረጃው ወዲያ ሳል ተሰማ፤ የታፈነ ሳቅም ተከተለው። የሰቆጣ ነጋዴ ልጅ መህር ጥሪ ስትባል ወርቅ ትላለች፤ የምትታለብ ላም ትላለች፤ ዲኗን የምታጠብቅ ደግሞ ቁርአን ያስቀራኝ ትላለች። አበባ ያለች ግን አልተሰማችም። አባቷ ኢድሪስ ጥምጣማቸውን ወደ ግንባራቸው ሳብ አድርገው፣ «ያሳደጋት ወረቀት ነው፤ እኔን አትዩኝ» አሉ ለሽማግሌዎቹ።

እውነታቸውን ነው። ሰሊማ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠችም። ፊደል የቆጠረችው ስኳር በሚጠቀለልበት ወረቀት ነው። የአባቷ ሱቅ ከገበያው አፋፍ ላይ ሆኖ አሞሌ ጨው፣ ስኳር፣ ላምባና አቡጀዲ ይሸጣል። አሮጌ ጋዜጣ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ፣ የተማሪ ፈተና በኪሎ እየተገዛ ከደሴ ይመጣል፤ እሷ ሳታነበው አንድም ቅጠል ስኳር አይዝም። ደንበኛ ቆሞ ይጠብቃል።

«አንቺ ልጅ፣ ስኳሩን ስጪኝና ልሂድ እንጂ!» ያላት እንደሆነ፣

«ስኳሩ የትም አይሄድ። ያንተ ምላስ ሳይጣፍጥ ይህን ሁሉ ዘመን ኖሮ የለም?» ትለዋለች።

እንዲህ ባለች ቁጥር አንድ አማች ከኢድሪስ ደጅ ይቀንሳል። አንዱን ሀብታም የበግ ነጋዴ «በጎቹን ላግባ ወይስ አንተን? ሽታችሁ አልለይ አለኝ» ብላው፣ ሰውየው ሽማግሌዎቹን ከመንገድ መለሳቸው። እናቷ ዓሲያ፣ «ይህ ምላስሽ ቤት አያስገባሽም» ይሏታል። «ቤት አለኝ» ትላለች።

አንድ ክረምት ከወረቀቱ ክምር መሀል ወፍራም፣ የሚያብረቀርቅ፣ ቀለም ያለው ሥዕል የታተመበት ገጽ ወጣ። ጽሑፉ የፈረንጅ ነው። በዝውውር የሄደ አስተማሪ ትቶላት የሄደ መዝገበ ቃላት ነበራትና ክረምቱን ሙሉ ያንን ገጽ እንደ አጥንት ጋጠችው። መስከረም ሲጠባ ገባት። የሥዕሉ አበባ አበባ አይደለም፤ እንስሳ ነው። ሥር የላትም፤ አንድ እግር አላት፣ ድንጋይ ላይ የምትለጠፍበት፣ ቦታው ሲሰለቻት ደግሞ ቀስ ብላ የምትንፏቀቅበት። ዓይን የላትም፣ ልብ የላትም፣ አንጎል የላትም። ያላት አንድ አፍ ነው፤ በዚያው በበላችበት ትተፋበታለች። («እንዲህ ያለው እኛም አገር ሞልቷል» አለች ሰሊማ እዚህ ላይ ስትደርስ።) በአፏ ዙሪያ የተዘረጉት፣ ሰው ቅጠል የሚላቸው፣ ክንዶቿ ናቸው። ክንዶቿ ላይ ዓይን የማያያቸው እልፍ ከረጢቶች አሉ፤ በየከረጢቱ ውስጥ አንድ የተጠቀለለ መርዘኛ ክር። የሚያልፍ ፍጡር ነካ ሲያደርጋት ክሩ ተፈትልኮ ይወጋዋል። ሳታስብ ትወጋለች፤ የምታስብበት የላትማ።

ሰሊማ ያንን ገጽ ለስኳር አልሰጠችውም። ከመደርደሪያው ጀርባ ለጠፈችው።

ሙሄዲን የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የኮረም ልጅ ነው፤ ከክፉው ቀን ጀምሮ የእርዳታ እህል ከአሰብ ወደብ እየጫነ ሰቆጣ ያራግፋል። መጀመሪያ ሱቅ በገባ ዕለት ምላጭ ጠየቃት።

«ለጥፍር ነው?» አለችው፣ ጺም የሌለው አገጩን እያየች።

ሌላው ቢሆን ተቀይሞ በወጣ። እሱ አገጩን ዳበሰና ሳቀ። «ተስፋ ላይ ነኝ፣ እቴዋ። ምላጩ ቀድሞ ይጠብቀው ብዬ ነው።»

በሌላው ጉዞው የባትሪ ድንጋይ ብሎ መጣ፤ ተሰደበ፤ ሳቀ። በሌላው ክርኑን ባንኮኒው ላይ አስደገፈ። ቆይቶ ደግሞ ዓይኑ ከመደርደሪያው ጀርባ ያለው ሥዕል ላይ አረፈና፣ «ይህችንማ አውቃታለሁ» አለ። «አሰብ ላይ ባሕሩ ሲሸሽ ድንጋይ ሥር ትቀራለች። እጄን ሰድጄ ነካኋት፤ ጣቴ ላይ ሙጭጭ አለችና ተጨማደደች።»

ሰሊማ የያዘችው የስኳር ማንኪያ አየር ላይ ቀረ። በወረቀት የምታውቃትን ይኸ ሰው በጣቱ ነክቷታል!

ከዚያን ቀን ወዲህ ምላሷ ለሱ ታጠፈ። መኪናው ሰቆጣ በገባ ቁጥር ያነበበችውን ትነግረዋለች፤ እሱ ባንኮኒውን ተደግፎ ይሰማል።

«እሱን ብቻ የማትወጋው አንድ ዓሣ አለ» አለችው አንድ ቀን። «መጀመሪያ ጅራቱን ያስነካታል፤ ትወጋዋለች፤ ይሸሻል። ተመልሶ ሆዱን ያስነካታል። እንዲህ እያለ፣ እያለ፣ ከገላዋ የሚወጣውን ልጋግ ይለብሰዋል። ከዚያ ወዲያ ክንዶቿ መሀል ገብቶ ያድራል።»

«እኔስ አሁን የቱ ጋ ደርሻለሁ? ጅራት ላይ ነኝ ወይስ ሆድ?»

«አንተ ገና ምላጭ ላይ ነህ።»

ሁለቱም ሳቁ። ሰሊማ ግን ማታ ፊቷን ስትታጠብ፣ ሆድ ላይ እንደደረሰ ለራሷ አመነች። ፈራችም። የማትወጋው ሰው ኖሯት አያውቅም፤ እንዲህ ያለው ሰው ከከዳ በምን ይመከታል? እንግዲህ ሙሄዲን ሽማግሌ ሲልክ መህሯን እንዲያ አድርጋ የጠራችው ለዚህ ነው። ወርቅ ማንም ገዝቶ ያመጣል። ያንን ሁሉ በረሃ አቋርጦ አንዲት የማትናገር ነገር በሕይወት የሚያመጣ ሰው ግን መንገዱን ሙሉ ልቡ እሷ ላይ መሆን አለበት። ለማትናገር እንዲህ የተጠነቀቀ፣ ለምትናገርማ!

ሙሄዲን አመጣት። በጠራራ ፀሐይ፣ የእህሉ መኪና ገና ሳይራገፍ፣ በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ ጄሪካን ታቅፎ ሱቅ ገባ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፤ ዓይኑ ደም መስሏል።

«በየጥላው እያቆምኩ ነው የመጣሁት» አለ። «ለራሴ የያዝኩትን ውሃ ጆንያ ሳርስበት ሚሌ ላይ አለቀብኝ። ረዳቴ ለየለት ብሎኛል።»

ሰሊማ ጄሪካኑን ከእጁ ተቀበለችው።

ሰፊውን የከረሜላ ጠርሙስ አጥበው ባሕሩን ገለበጡበት። ከባሕሩ ጋር አንዲት ጠጠር ላይ የተጣበቀች፣ የተኮማተረች፣ ጥቁር ቀይ ነገር ዱብ አለች። ዓሲያ አጎንብሰው አዩና፣

«ወይ ጉድ! ይህ የበግ ኩላሊት እንጂ አበባ ነው? ልጄን አታለሉብኝ!»

«ይታገሱ፣ እማ። ደንግጣ ነው» አለች ሰሊማ።

ጠዋት ሱቁ ሲከፈትና ብርሃን ሲገባ፣ ኩላሊቱ አናቱ ላይ ቀስ ብሎ ተሰነጠቀ። ከስንጥቁ አንድ ጫፍ ብቅ አለ፣ እንደ ሕፃን ጣት፤ ሌላ ተከተለው፤ ከዚያ ባንድ ጊዜ ሁሉም። አረንጓዴ ግራጫ ክንዶች፣ ጫፋቸው ሐምራዊ፣ ነፋስ በሌለበት ነፋስ እንደሚነካው ስንዴ ወዲህና ወዲያ የሚሉ። ከሥራቸው ያለው ገላ የደረቀ ደም መምሰሉ ቀርቶ የበሰለ የሾላ ፍሬ መሰለ፤ ብርሃን አሳልፎ ውስጡ ታየ። ሰሊማ ያነበበችው ሁሉ ልክ ነበር፤ ግን ወረቀቱ እንዲህ እንደምትተነፍስ አልነገራትም። ስኳር ሊገዛ የመጣው ሁሉ ስኳሩን ረስቶ ቆመ። አንድ የደብር መሪጌታ ሳይቀሩ አንገታቸውን አስግገው አዩና፣ «ሥራህ ግሩም ነው» ብለው የገዙትን ጨው ሳይወስዱ ሄዱ።

ኒካሁ በዚያው ሳምንት ታሰረ። ሰርጉ ከረመዳን በኋላ ይሁን ተባለ፤ እስከዚያ ሰሊማ በአባቷ ቤት፣ አበባዋም በጠርሙሷ ትቆያለች። መህር የሴቲቱ ነው፤ ባልም አባትም እጅ የማይሰዱበት። ቃዲው ይህንኑ ተናግረው መረቁ።

አበባዋን ማኖር ጥበብ ጠየቀ። ሰሊማ ከጥፍር የምታንስ ጥሬ ሥጋ በእንጨት ጫፍ ታስነካታለች፤ ክንዶቿ ይሰበሰቡና አፏ ይውጠዋል፤ ማግስቱን የማትፈልገውን ትተፋለች፤ ሰሊማ በማንኪያ ትለቅማለች። ከባድ የሆነው ውሃው ነበር። የሰቆጣ ፀሐይ በየቀኑ ከጠርሙሱ ጥቂት ጥቂት ይጠጣል። ኢድሪስ ይህን አይተው የአሞሌ ስባሪ ይዘው መጡ።

«ልጨምርላት እንጂ። ባሕር ማለት ጨው ነው፤ ጨው ደግሞ ከኛ ቤት ሞልቷል።»

ሰሊማ እጃቸውን ያዘች። «ኧረ አባባ! ጨው ወደ ሰማይ አይወጣም። ፀሐይ የሚወስደው ውሃውን ነው፤ ጨው ሁሉ ጠርሙሱ ውስጥ ቀርቷል። የሚጨመረው ተራ ውሃ ነው። ጨው ከጨመሩባት ገላዋ ውስጥ ያለውን ውሃ መጦ ያደርቃታል፤ እርስዎ ቆዳ ላይ እንደሚነሰንሱት።»

በጠርሙሱ ላይ በዓይን ኩል መስመር አሰመረች። ያን ለት ሙሄዲንም ነበር፤ ለሱም ደገመችለት። እስከ መስመሩ፣ ተራ ውሃ ብቻ፣ ጠብ እያደረጉ፣ ጨው በፍጹም።

«ገባኝ፣ ገባኝ» አለ ዓይን ዓይኗን እያየ። «አንቺኮ መምህርት መሆን ነበረብሽ።»

እሷም ዓይን ዓይኑን አየች። ዓይኑን ሳይሆን ጆሮውን ማየት ነበረባት፤ ግን ማን ያየዋል?

ረመዳን ሳይጋመስ የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ ወረደ። ሙሄዲን የኮረም ሰው ሆኖ በቆየ ጥሩ ነበር፤ ለትዳሩ ብሎ ሰቆጣ ቤት ሲከራይ ቀበሌ ተመዝግቦ ኖሮ ስሙ ተጠራ። ያን ሰሞን የሚሄዱት ወደ ናቅፋ ግንባር እንደሆነ ሕፃን ያውቃል። ሰሊማ የበላችውም ያልበላችውም አንድ ሆነ። በዚሁ መሀል ከአምደወርቅ የእናቷ እኅት አረፉ የሚል መርዶ መጣ።

«ሂጂ፣ እናትሽን አትለያቸው» አላት ሙሄዲን። «የኔን ነገር አባትሽና እኔ እንመክርበታለን። አበባሽንም እኔ እጠብቃለሁ።»

ከለቅሶው ስትመለስ መደርደሪያው ላይ የጠርሙሱ ክብ አሻራ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ አቧራ ያልነካው ክብ።

«ሞተች፣ ልጄ» አሉ ኢድሪስ፤ ሚዛኑን እየጠረጉ። «በሄድሽ ማግስት። ሸተተች፤ ጠርሙሱንም አብረን ጣልነው።»

ሙሄዲንም መጣ። አንገቱን ደፍቶ፣ «አላህ የፈቀደላት ይህችኑ ነው። ሌላ አመጣልሻለሁ» አላት። ከዚያ ቀና ብሎ፣ ከምልመላው መትረፉን ነገራት። እህል የሚያመላልስ ሹፌር ያስፈልጋል ተብሎ ተትቷል። ሰሊማ ያን ጊዜ አለቀሰች፤ ለአበባዋም ለሱም፤ የትኛው እንባ ለማን እንደሆነ ሳትለይ። ይህን ወስደህ ያንን ትተህልኛል፣ ተመስገን፣ አለች በልቧ። እንዲያ ያለችበትን ኋላ ስታስታውስ የገዛ ፊቷን በጥፊ መምታት ያምራታል።

የምልመላው ሰብሳቢ ጓድ ደጅይጥኑ ይባላል። ሚስቱ ጥሩሐረግ ከኢድሪስ ሱቅ ስኳር ታዛለች፤ አንድ ቀን የሚያደርስ ሰው ጠፋና ሰሊማ ራሷ ይዛ ሄደች።

«ግቢ፣ ግቢ! ቁጭ በይ!» አለቻት ጥሩሐረግ፤ ወሬ የምትወድ ደግ ሴት ናት። «የኛን ጉድ አላየሽማ! ነይ ላሳይሽ።»

እንግዳ መቀበያው ክፍል፣ በነጭ የዳንቴል ጨርቅ ላይ፣ የከረሜላ ጠርሙሱ ተቀምጧል። የኩሉ መስመር አለበት። ከውስጡ የጡጫ ያህል አሞሌ ጨው ቆሞ ግማሹ ሟሙቷል፤ ከአሞሌው ሥር የተኮማተረ፣ ዳርዳሩ የነጣ ነገር ወድቋል።

«የባሕር አበባ ትባላለች» አለች ጥሩሐረግ። «አበባ ይሏታል እንጂ እንስሳ ናት። ዓይን የላት፣ ልብ የላት፣ አንጎል የላት! በበላችበት አፍ ትተፋለች፤ እንዲህ ያለው እኛም አገር ሞልቷል አለን ልጁ፣ በሳቅ ገደለን። ሳታስብ ትወጋለች፣ የምታስብበት የላትማ፣ ይላል። ሹፌር ነው ግን ሲናገር ብትሰሚው! ጓድ ደጅይጥኑ ‹ይህ ልጅ ለጦር ሜዳ አይባክንም› አለ።»

ሰሊማ የስኳሩን ከረጢት እንዳቀፈች ቆመች። ከሴትዮዋ አፍ የሚወጣው የገዛ ቃሏ ነው፤ ቀልዷ ሳይቀር፣ ትንፋሽ የምትወስድበት ቦታ ሳይቀር። ዓሣው ትዝ አላት። ልጋጓን የሚለብሰው ለምን እንደሆነ ገጹ ላይ ተጽፎ ነበር፤ አንብባው ነበር፤ አልፋው ነበር። አበባዋ ዓሣውን ወዳው አይደለም የማትወጋው። የራሷን ልጋግ ለብሶ ሲመጣ የራሷ ገላ ይመስላታል። ዓሣ መኖሩንም አታውቅ።

«ጨው...» አለች፤ ድምፅዋ የሌላ ሰው ሆነባት። «ጨውስ ለምን ጨመራችሁበት?»

«እሱው ነው ያዘዘን። ውሃው ሲጎድል ጨው እንዳታሳንሱባት፣ ባሕር ማለት ጨው ነው፣ ብሎ። አሞሌውንም አባትሽ ናቸው ያመጡልን። እንዴት፣ አልነገሩሽም? ጠርሙሱን አብረው ተሸክመው መጥተው የለ! ምነው፣ ምን ሆንሽ? ሰሞኑን እንኳ ደስ አላላትም፣ ጠረኗም ተለውጧል...»

ሰሊማ አጎንብሳ አሸተተች። የሞተ ነገር ሽታ ለነጋዴ ልጅ አይጠፋትም። ጣቷን ሰድዳ ነካቻት፤ ክንድ የለ፣ መጣበቅ የለ፤ ገላዋ እንደ ሳሙና አሟለጫት።

«ተራ ውሃ ነበር የሚጨመረው» አለች።

«አንቺ ደግሞ! ካመጣት ሰው ልታውቂ ነው?» ብላ ሳቀች ጥሩሐረግ።

ሰሊማ ስኳሩን አስቀምጣ ወጣች። ቁልቁለቱን ስትወርድ ለሰላምታ የቆሙላትን አላየችም።

ቤት እንደደረሰች አልጮኸችም። ዓሲያን፣ «ቃዲውን ይጥሩልኝ፤ ሽማግሌዎቹንም፤ እሱንም» አለቻቸው። መጋረጃ እንዲጋረድ አልፈቀደችም። በራሷ ሻሽ ተከናንባ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

ቃዲው ነገሩን ከሰሙ በኋላ ጢማቸውን እያሻሹ ሙሄዲንን አዩት። «እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ ሸኽዬ። ምን ላድርግ? ናቅፋ ሄጄ ልሙትላት ነበር?» ወደ ሰሊማ ዞረ። «አንቺ ባልሽ ይሻልሻል ወይስ ጠርሙስ?»

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እንዲህ ሲሉት ነገሩ ልክ ይመስላል።

«ብትጠይቀኝ» አለች ሰሊማ፣ «በገዛ እጄ ተሸክሜ ጓድ ደጅይጥኑ ደጃፍ አደርስልህ ነበር። እየሮጥኩ።»

«እንቢ ብትይኝስ?»

«ነፍስህን በአበባ ትለውጣለች ብለህ የፈራሃትን ሴት ነው እንዴ ኒካህ ያሰርክላት?»

አንደኛው ሽማግሌ ጣልቃ ገቡ። «ልጄ፣ እሰጥ ነበር ካልሽ እንግዲህ ጠቡ ምንድን ነው? አንቺም ትሰጪ ነበር፣ እሱም ሰጠ። ወንዙ አንድ ነው።»

«አንድ ነገር ልጠይቀው፣ አባቴ። በደንብ ከመለሰ ዛሬውኑ ሰርጉን ደግሱ።» ሙሄዲንን ቀጥ ብላ አየችው። አሁንም፣ በዚህ ሁሉ መሀል፣ እንዲመልስላት ትመኛለች። ጨው ጨምሩ ሳይላቸው ቀርቶ ይሆናል፤ ጥሩሐረግ ያለችው ከራሷ ይሆናል። «ከጠርሙሱ ውሃ ሲጎድል የሚጨመረው ምንድን ነው?»

ሙሄዲን ወጥመድ የፈራ ሰው መስሎ ወደ ሽማግሌዎቹ፣ ወደ ኢድሪስ አየ። ከዚያ ትከሻውን ሰበቀ።

«ጨው ነዋ። ባሕር ጨው አይደል?»

«እንዴታ!» አሉ ሽማግሌው። «ጨው እንጂ!»

ሰሊማ ዓይኗን ጨፈነች። ባንኮኒው ላይ የተደገፈው ክርን፣ ገባኝ ገባኝ የሚለው አፍ፣ ያ ሁሉ መስማት፤ አንዲት ቃል አልገባችውም። የሚያሳቁትን ለቅሞ፣ አበባዋን በሕይወት የሚያኖራትን ጥሏል። በረሃውንም ያቋረጠው ለሷ ነው እንዳትል፣ አሁን ያንንም ማመን አቃታት። ከሁሉ የከፋው ይኸ ነው። እውነት የነበረውንም ይዞባት ሄደ።

«ሸኽዬ» አለች ዓይኗን ስትገልጥ፤ «ሴት ከባሏ ልለቀቅ ስትል ምን ታደርጋለች?»

«ኹልዕ ነው፣ ልጄ። መህሯን ለባሏ ትመልሳለች፤ እሱም ይለቃታል። ግን ቸኮልሽ፤ ነገር በ...»

«መህሬን እኮ ወስዷል። ሳልመልስለት በፊት ወስዶ፣ ለሚፈልገው ጉዳይ አውሎታል፤ ዋጋውንም አግኝቶበታል፣ ነፍሱን። እኔ ከዚህ ወዲያ የምመልሰው የለኝም። የቀረው የሱ ቃል ነው።»

ሽማግሌዎቹ ለማስታረቅ አፋቸውን ሲከፍቱ ቃዲው እጃቸውን አነሱባቸው።

«ልጅቷ እውነቷን ነው» አሉ በመጨረሻ። «መህሩን በእጁ አስገብቷል። ሙሄዲን፣ የፍቺውን ቃል በል።»

«ሸኽዬ፣ እኔ እወዳታለሁ እኮ!»

«ይሆናል። ቃሉን በል።»

አለው። ድምፁ ተሰበረ፤ እንባውም የእውነት ነበር። ሲወጣ በሩ ላይ ቆም ብሎ፣ «ምን አጠፋሁ? ምን ነበር መልሱ?» አላት። አልነገረችውም።

ሰው ሁሉ ሲበተን ኢድሪስ ከመደባቸው አልተነሡም።

«ለአንቺ ብዬ ነው» አሉ። «ባልሽ እንዳይሞት።»

«ጠርሙሱን ሲሸከሙ፣ አሞሌውንስ ለማን ብለው ያዙ? እጅዎን ይዤ ነግሬዎት የለ?»

«ሴትዮዋ ጠየቀችን፤ ልጁም ጨው አለ። በሰው ፊት፣ ልጄ ጨው አይሆንም ብላኛለች ልበል? ጨው ሲነግድ የሸበተ ሰው?»

ሰሊማ የምትሄድበት ሌላ ቤት የላትም፤ የባሏን ቤት አሁን ራሷ ዘጋች፤ አምደወርቅ የነበሩት አክስቷም አፈር ለብሰዋል። ቤት አለኝ ትል የነበረው ይህንኑ ነበር። ተነሥታ የሱቁን መክፈቻ አነሣች።

ማግስቱን ገበያ ነበር። ከጎረቤት ወረዳ፣ ከዝቋላ በኩል የመጡ ሰዎች ባንኮኒውን ከበውታል፤ ሰሊማ ትመዝናለች፣ ትጠቀልላለች፤ ወረቀቱን ሳታየው። ኢድሪስ ከጓዳ ብቅ ብለው፣ ለወትሮው በማይሰማ ለስላሳ ድምፅ፣

«ሰሊ፣ ያን የላምባ ማንቆርቆሪያ አቀብይኝ እስቲ» አሏት።

አቀበለቻቸው። በሁለት እጇ፣ ጎንበስ ብላ፣ ለእንግዳ እንደሚደረገው።

«ይኸው፣ ጋሽ ኢድሪስ። ሌላ የሚያስፈልግዎት አለ?»

ከደንበኞቹ አንዱ ጨዋታ መስሎት ሳቀ። ኢድሪስ ማንቆርቆሪያውን እንደያዙ ቆሙ።

«አባባ በይኝ እንጂ» አሉ ዝቅ ብለው።

«ቀጥሎ ማን ነው?» አለች ሰሊማ፤ የቆመውን ገበያተኛ እያየች።